ጥፍራቸው ያልጠቆረ ምልምሎች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ መጋዘን የንብረት ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ ገና አምስት ወሩ የሆነው ወጣት፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በረድ ሲል ወደ ግቢዬ መጥቶ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ብዙ ከቆየ በኋላ «ሻለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለኝ። አለቃው የሰኔ 30ን የቆጠራ ቅጽ አዘጋጅቶ፣ በመጋዘኑ የሌለውን ዕቃ እንዳለ አድርጎ ሞልቶ፣ «ቆጥሬ አረጋግጫለሁ» ከሚለው መስመር ሥር እንዲፈርም ሰጥቶታል። ዕቃው የጎደለው ልጁ ከመቀጠሩ በፊት ነው። «የእኔ ጥፋት ስላልሆነ ብፈርም ምን ይመጣል? ወረቀት አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወዲያው መመለስ ይገባኝ ነበር፤ ሆኖም ነገ ተመለስ ብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ወረቀት አይደል?» የሚለውን ቃል በ1969 ዓ.ም. እኔ ራሴ፣ በዚያው አነጋገር፣ ከእኔ በብዙ ለሚበልጥ አምሳ አለቃ ተናግሬው ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ልጅ የነገርኩትን ለእናንተም ልነግራችሁ ብዬ ነው። አትስረቁ፣ አትዋሹ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን አልጽፍም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

እኔ የሐረር ጦር አካዳሚ ልጅ ነኝ። አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በሕንዳውያን መኮንኖች እገዛ ሲቋቋም የእንግሊዞቹን የጦር ትምህርት ቤት ሳንድኸርስትን አርአያ አድርጎ ነበር፤ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። በ1963 ስገባ 18 ዓመቴ ነው። አልጋ አነጣጠፍ፣ ጫማ አወላወል፣ ሰላምታ አሰጣጥ፣ ካርታ ንባብ፣ የጦር ታሪክ፣ ሁሉም በሰዓትና በመለኪያ ነበር። በዚያ የተማርኩት ሥርዓት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ አሁንም ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እነሣለሁ፣ አልጋዬን ራሴ አነጥፋለሁ። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ትምህርት አንድ ነገር አላስተማረኝም። የታዘዝኩትን መፈጸም አስተምሮኛል፤ የታዘዝኩት ነገር ሐሰት ሲሆን ምን እንደማደርግ ግን አልነገረኝም፣ ወይም ተነግሮኝ እኔ አልሰማሁም።

በ1969 የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ነበረኝ። የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ዕርዳታ ተቋርጧል፣ የሶቪየቱ ገና በቅጡ አልደረሰም፣ በኦጋዴን በኩል ጦርነቱ ይገፋል፣ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው የባቡር መስመር እየተቆረጠ ነው። በሐረርጌ ደጋ በአንድ ማሠልጠኛ ምልምሎችን የማሠልጠንና መዝገባቸውን የመያዝ ኃላፊነት ተሰጠኝ። ቦታውንም ክፍሉንም ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለራሴ ነውና። ምልምሎቹ 212 ነበሩ። አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ሲሆኑ ከፊሎቹ አማርኛ አይሰሙም ነበር፤ ኦሮምኛውን አምሳ አለቃው እያስተረጎመ ነበር የምናስተምራቸው። መሣሪያቸው ጋራንድ የምንለው የአሜሪካ ኤም-ዋን ጠመንጃ ነው።

ስለዚህ ጠመንጃ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ጋራንድ ስምንት ጥይት ይጎርሳል። ስምንቱ በአንድ ላይ በትንሽ ብረት ተይዘው ከላይ ይገባሉ። ጎራሹ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ይጫናል፤ ስምንቱ ቦታቸውን በያዙ ቅጽበት ዘንጉ ተወርውሮ ወደ ፊት ይመጣል። ጣቱን በጊዜ ያላነሣ ሰው ጥፍሩ ይቀጠቀጣል። ስለዚህ በጋራንድ የሠለጠነ ወታደር ሁሉ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ያውቃል። ይህን በቃል ልታስተምሩት አትችሉም። ጣቱ ራሱ መማር አለበት፤ ከተማረ በኋላ በጨለማም፣ በድንጋጤም፣ እጁ እየተንቀጠቀጠም ይሠራዋል። ሳይማር የቀረ ግን ጣቱን ስለሚፈራ በግማሽ ይጫናል፣ ጥይቱ በትክክል አይቀመጥም፣ ዘንጉም መሐል ላይ ይቀራል።

የመርሐ ግብሩ ወረቀት ለእያንዳንዱ ምልምል 40 ጥይት መድቦ ነበር። በተግባር የደረሳቸው ስምንት ስምንት ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ጎርሰው፣ አንድ ጊዜ ጨርሰው ከዒላማው ሜዳ ወጡ። የቀረውን ጊዜ በባዶ ጠመንጃ አፈሙዝ እያስተካከሉ፣ እየወደቁና እየተነሡ አሳለፉት። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ የንብረት ክፍሉን ስጠይቅ «ለመጠባበቂያ ተይዟል» ተባልኩ። ይህን መልስ ለሁለት ሳምንት አምኜው ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት አንድ ማለዳ መጋዘኑ ሲከፈት በአጋጣሚ በመገኘቴ ነው። ጥይት በእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል፤ እሽጉ እስካልተከፈተ ድረስ ዓመታት ይቆያል። ከወራት በፊት አንድ የበላይ አካል ሊጎበኝ ሲመጣ «ይታይ» ተብሎ ብዙው ቆርቆሮ ተከፈተ፣ ተደርድሮ ታየ፣ ጉብኝቱ አለቀ፣ ተመልሶ የሚያሽገው ሰው አልታዘዘም። ሣጥኖቹ ርብራብ እንኳ ሳይደረግላቸው ከመሬቱ ላይ ተቀመጡ። ጣሪያው ያፈስ ነበር። የበልጉ ዝናብ መጣ። ያን ቀን ሳየው የጥይቱ ነሐስ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የገዛችው፣ ወይም በልመና ያገኘችው፣ ከዚያም በኋላ ለመተካት የማትችለው ጥይት በርብራብ እጦት በሰበሰ። ርብራብ ማለት አምስት አጣና ነው። በኋላ ዘመን «የሠራዊቱ ብክነት» ሲባል ሰዎች ስለ ታንክና ስለ አውሮፕላን ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ ያልተነጠፈ አጣና ነው።

አሁን ጥይቱ ከመዝገብ መውጣት አለበት። በስብሷል ብሎ መጻፍ ምርመራ ያመጣል፤ በዚያ ዘመን ምርመራ ምን ማለት እንደነበረ ለእናንተ ማስረዳት ያስቸግረኛል፣ ሰው በትንሽ ነገር «አሻጥረኛ» ተብሎ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አዛዡ መፍትሔ አገኘ። ጥይቱ በሥልጠና ተተኩሷል ይባል። 212 ምልምል በ40 ሲባዛ 8,480 ነው። በርግጥ የተተኮሰው 1,696 ነው። ልዩነቱ 6,784። የበሰበሰው ደግሞ ከዚህ ቁጥር ብዙም አይርቅም ነበር፤ ቀሪውን ማስተካከል ቀላል ነው። የወጪው ደረሰኝ፣ ሞዴል 22፣ ተሠራ። የሚጎድለው የተኩስ ሥልጠናው መዝገብ ላይ የአሠልጣኙ አምሳ አለቃና የእኔ ፊርማ ብቻ ሆነ።

አምሳ አለቃው ኮሪያ የዘመተ ሰው ነበር። ያ ትውልድ ሌላ ነው፣ ልጆቼ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1943 ጀምሮ በየተራ ሲዘምቱ አስቀድመው አገር ቤት ተራራ ለተራራ እየወጡ ሠልጥነዋል፣ ቡሳን ከደረሱም በኋላ በመሣሪያቸው እንደገና ሳይለማመዱ ግንባር አልገቡም። 121 ሞተዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። አምሳ አለቃው ይህን እንደ ጉራ አይናገረውም፤ ማታ ማታ ምልምሎቹን ዓይናቸውን በሻሽ አስሮ፣ ባዶውን ብረት እያስያዘ የጉርሻውን እንቅስቃሴ ያለማምዳቸው ነበር። «ሳይሠለጥን የሄደ የለም ነበር» ይላል፣ ከዚያ በላይ አይጨምርም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች በብርድ የተበሉ ነበሩ። ያንን ጉዳቱን ሁልጊዜ ይሸፍነው ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

መዝገቡን ይዤ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። አነበበው። «መቶ አለቃ» አለኝ፣ ምክትልነቴን ትቶ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ፣ «እነዚህ እኮ ጥፍራቸው ያልጠቆረ ልጆች ናቸው። 40 ጥይት የተኮሰ ልጅ ጥፍሩ ይናገራል። ነገ ሰው መጥቶ እጃቸውን ቢያይ ምን ልንል ነው?» እኔም፣ በ24 ዓመቴ፣ በአካዳሚ ኩራቴ፣ «ትዕዛዝ ነው፤ ደግሞስ ወረቀት አይደል?» አልኩት። ብዕሩን መለሰልኝ። «እኔ ያላየሁትን አልፈርምም» አለ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ወጣ። እኔ በራሴ መስመር ፈረምኩ። በእሱ መስመር ደግሞ አዛዡ ሌላ ሰው አስፈረመ። አምሳ አለቃው በሳምንቱ ከአሠልጣኝነት ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ተላከ፤ የሄደበት ደብዳቤ ላይ «ለሥራ አመቺ ባለመሆኑ» ይል ነበር። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 1969 ድሬዳዋ በሶማሊያ ጦር ታንክና መድፍ ተጠቃች። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ የነበሩ አባቶቻችሁና አያቶቻችሁ ያስታውሱታል። ከእኛ ምልምሎች ከፊሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኮረብታ ላይ ተመድበው ነበር። እኔ ጥይትና ውኃ በመኪና ይዤ የደረስኩት ውጊያው ጋብ ካለ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጉድጓድ ያገኘሁት ልጅ ከሂርና አካባቢ የመጣ ነበር። አስታውሰዋለሁ፤ ሠልፍ ላይ ግራና ቀኙ ይምታታበት ስለነበር አምሳ አለቃው በቀኝ እግሩ ላይ ገለባ አስሮለት ያውቃል። መዝገቡ ላይ 18 ዓመት ይላል፤ ፊቱ ግን ያንን አይልም ነበር። በትከሻው ላይ የጥይቱ መታጠቂያ እንደሞላ ነው። ጠመንጃው ከጎኑ ወድቋል፣ ዘንጉ መሐል ላይ ቆሟል፣ ስምንቱ ጥይት በግማሽ ገብቶ ተጣሟል። እጁን አነሣሁት። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ፣ ደም ቋጥሮ ነበር። በዚያኑ ቀን ነው የተማረው።

ያ ጠመንጃ ባይያዝበት ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ከእሱ ጎን ከዓመታት በፊት የሠለጠኑ፣ ጎበዝ ተኳሾችም ወድቀዋል፤ መድፍ ጥፍር አይጠይቅም። ስለዚህ አልገደልኩትም ብዬ ራሴን ያጽናናሁባቸው ዓመታት አሉ። ግን ከሁለት ወር በፊት ፈርሜለት የነበረውን 40 ጥይት አልተኮሰም። የፈረምኩት እሱ ሊተኩሰው ይችል በነበረው፣ ጣቱ ሊማርበት ይችል በነበረው ላይ ነው። ጅግጅጋ በመስከረም መጀመሪያ ወደቀች፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ተሻግረን መለስናት፤ በዚያ ድል ብዙ ተደስቻለሁ፣ ዛሬም ቀኑ ሲከበር ሜዳሊያዬን አደርጋለሁ። ያ ልጅ ግን ቀኑ በደረሰ ቁጥር ይመጣብኛል።

አሁን ስለ ሥርዓት ያለኝን ሐሳብ ልናገር። የዘንድሮ ወጣቶች ትዕዛዝ አትወዱም። ስልካችሁ በእጃችሁ ሳለ ሰው ያናግራችኋል፣ እናንተም ዓይናችሁን ሳታነሡ ትመልሳላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ሥራን በሦስት ወር ጠልታችሁ ትለቃላችሁ፤ አንድን መሣሪያ ለማወቅ ሦስት ወር መግቢያው እንኳ አይደለም። እኔ አሁንም የማምነው ትዕዛዝ በየመንገዱ የሚከራከሩበት ከሆነ ሠራዊትም፣ ሆስፒታልም፣ ባቡርም አይሠራም ብዬ ነው። ሆኖም ይህን ስጽፍ ያ የጎረቤቴ ልጅ ይታየኛል፤ እኔ በእሱ ዕድሜ ሳልጠይቅ ፈርሜያለሁ፣ እሱ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተጨንቆ ጠየቀ። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል።

ሥርዓት የሚፈርሰው ከታች ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። በጥር 1966፣ እኛ የመጨረሻ ዓመት ዕጩ መኮንኖች ሳለን፣ የነገሌ ቦረና ወታደሮች አመጹ የሚል ወሬ ሐረር ደረሰ። ምክንያቱ የተበላሸ ምግብና ውኃ ነበር፤ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። ነገሩን ሊያዩ የተላኩትን ጄኔራል ይዘው ከራሳቸው ምግብና ውኃ አቀመሷቸው። በመኝታ ክፍላችን ውስጥ አብዛኞቻችን «እነዚህ ወታደሮች አይደሉም» አልን። ማናችንም ግን ፓምፑን ለምን አልጠገኑትም ብሎ አልጠየቀም። ወታደር ጠንካራ ትዕዛዝ አይጠላም፤ የሚጠላው እሱ ሲጠማ የሚጠጣ አለቃ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ አልፋለሁ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት አገልግሎት ይል ነበር፤ በእኔ እጅ ካለፉት መሐል ስድስቱን ወር በሙሉ ያገኙ ጥቂት ናቸው፣ ከገበያና ከመንገድ ታፍሰው የመጡም ነበሩባቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ አዛዡ አንድ ሪፖርት፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩ ሁለተኛ፣ የደኅንነቱ ሰው ሦስተኛ ሪፖርት ለየራሱ አለቃ ይልክ ስለነበር፣ የጎደለውን ጎደለ ብሎ መጻፍ የሚደፍር ጠፋ። በመጋቢት 1980 በኤርትራ ግንባር የነበረው ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲፈርስ፣ ስንት ዓመት የተከማቸ መድፍና ጥይት ለሌላው ወገን ቀረ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጠመንጃውን በዳቦ የሚለውጥ ወታደር በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚያ ዘመን ሽንፈት የተጻፉ ብዙ ምክንያቶች አሉ፣ ፖለቲካውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ፤ እኔ የማውቀው መዝገቡን ነው፣ መዝገቡም ከመፍረሱ በፊት ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሐሰት ነበር።

አምሳ አለቃውን በ1986 አገኘሁት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ወደ ሸዋ በር ስወርድ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሽበት ወርሶታል፣ ሁለቱን ጣቶቹን አሁንም በጋቢው ሸፍኗል። ወዲያው ተነሥቶ በወታደር ሥርዓት ሰላምታ ሰጠኝ። እኔ ያን ጊዜ ሥራም ማዕረግም አልነበረኝም። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ጀመርኩ፣ እሱ ግን ስለ ልጆቼ ይጠይቀኝ ገባ፤ ሁለት ጊዜ ብሞክር ሁለት ጊዜ ወሬውን አዞረው። ቡና ጠጥተን ተለያየን። በዓመቱ ስጠይቅ አርፏል አሉኝ። ሳልጨርሰው የቀረ ንግግር ነው።

ሠራዊቱ ከፈረሰ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት በንብረት አያያዝ ነው፤ ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ በማግሥቱ ሲመለስ የሰጠሁት መልስ የሙያ መልስም ነበረው። መጀመሪያ ቁጠር አልኩት። ዕቃ እየወጣና እየገባ ቆጠራ አይካሄድም፤ በሩ ይዘጋል። የሚቆጥረውና የሚጽፈው ሰው ሁለት ይሁኑ። ከኋላ ጀምር፤ ከፊት ያለው ረድፍ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ባዶ ካርቶን የሚደበቀው መሐል ላይ ነው። ካርቶኑን አንሣው፤ ክብደቱ ካልጣመህ ክፈተው። ከቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ካርድ፣ ላይ ያለውን ቁጥር ቆጥረህ ሳትጨርስ አትየው፤ ካየኸው ዓይንህ ያንኑ ቁጥር ይፈልጋል። ከገቢው ደረሰኝ ከሞዴል 19ና ከወጪው ደረሰኝ ከሞዴል 22 ጋር ማስተያየት በመጨረሻ የሚመጣ ነው። ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፍ፣ ባዶ የቀረውን መስመር ሰርዝበት፣ በእርሳስ አትጻፍ።

ከዚያም በፊርማው መስመር ላይ ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ «ይህን ያህል ቆጥሬያለሁ፣ ቀሪውን አላየሁም» ብለህ ፈርም አልኩት። አለቃህን አትሳደብ፣ አትክሰስ፣ ድምፅህንም አታንሣ፤ አክብረህ ስጠው። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ፣ አታጣም ብዬ አልሸነግልህም። አምሳ አለቃው አጥቷል።

ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እናቱን የሚጦረው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ታናሽ እህቱንም የሚያስተምራት እሱ ነው። ይህን እያወቅሁ እንዲህ ብዬ መምከሬ ልክ ይሁን አይሁን እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ እኔ ስፈርም የሚጦር እናት አልነበረብኝም፣ ፍርሃት ብቻ ነበረብኝ።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከአንድ ጓደኛው ጋር ቆጥሮ፣ ያየውን ጽፎ ሰጥቷል። አለቃው ወረቀቱን ተቀብሎ ምንም ሳይናገር መሳቢያ ውስጥ አስገብቶታል፣ «ሰኞ እንነጋገራለን» ብሎታል። ልጁ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቅጹን አንድ ቅጂ እቤቱ አስቀምጦ እንደሆነ ጠየቅሁት፣ አስቀምጫለሁ አለኝ። ሰኞ ከሥራ ሲወጣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት እጠብቀዋለሁ፤ ከሥራ አስወጥተውትም ከሆነ ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ በእግሬ እየዞርኩ እጠይቅለታለሁ።